ከግድግዳው ወዲያ ያለው ፈረንሳይኛ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ግን ለጎረቤት ጭምር ዘመድ ነበር። የእሷንና የታናሽ እህቷን ቤት የሚለየው ግድግዳ ከስስ ጣውላና ከቀለም በቀር ምንም የለውም። ወዲያ ማዶ ማንኪያ ሲወድቅ ወዲህ ማዶ ያለ ሰው ሊያነሳ ጎንበስ ይላል። በዚያን ጠዋት የአንዲት ደንበኛዋን ካፖርት ገበር በማሽን እያያዘች ሳለ የእህቷ ድምፅ መጣ። "አስራ ስምንት? ከሃያ?" "ከሃያ። መምህሩ ራሱ አጨበጨበልኝ" አለች የእህቷ ልጅ፣ ያቺ ሰፈሩ ወፌ የሚላት፣ እንቅልፍ ካልዘጋው በቀር አፏ የማይዘጋው። እህት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ "እሷስ?" "አስራ አንድ።" "ውይ፣ የኔ ምስኪን። በይ እንዳትናገሪ። እትዬ ከሰማች ዛሬ ያንን ማሽን ትገድለዋለች።" ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

የልብስ ሰፊዋ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ማሽኑ ሲቆም ወዲያ ማዶም ጸጥ አለ። ይህ የሁለቱ ቤቶች ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ማሽኑ ሲጮህ ይወራል፣ ማሽኑ ሲቆም አፍ ይዘጋል። ወዲያ ያሉት የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ዕድሜዋን ማሽን ላይ የጨረሰች ሴት የማሽኑን ጩኸት እንደ ራሷ ትንፋሽ እንደማትሰማው ነው፤ የምትሰማው ከጩኸቱ ሥር ያለውን ነው። እህቷ አንዴ ሳል አለችና "ልጄ፣ ደብተርሽን እንዳትረሺ" አለች፣ ግድግዳው እንዲሰማ ጮክ ብላ። ልብስ ሰፊዋም ፔዳሉን መልሳ ረገጠች። ስፌቱ ጠመመ፤ መፍታት ነበረባት።

አስራ አንድ። ያቺ በፈረንሳይኛው የጽሑፍ ፈተና ከአርባ ሠላሳ ዘጠኝ ያመጣች ልጇ። ወረቀቱ ይኸው ደንበኞች ልብስ ሲለኩ ራሳቸውን በሚያዩበት መስታወት ጥግ ላይ ተለጥፏል። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሁሉ ወገቧን ከማየቷ በፊት ሠላሳ ዘጠኝን ታያለች። ሳታይ ያለፈች ካለችም "እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ዞር በይልኝ" ትባላለች፤ ወደ ግራ የሚያስዞር ነገር ቀሚሱ ላይ ኖሮ አይደለም። በዚያ ላይ ነገሩ የወረቀት ኩራት ብቻ አልነበረም። አንድ የቋንቋ ማዕከል በረጅሙ እረፍት ሁለቱ ልጆች ከሚማሩበት የፈረንሳይኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ በነፃ ሊያስተምር ቃል ገብቷል። የማዕከሉን ክፍያ ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን በሩ ላይ ተለጥፎ አንብባው "ይህስ ፈረንሳይን ከነሰዉ ይገዛል" ብላ ነበር። እንግዲህ ያቺ አንድ ቦታ የልጇ ናት ብላ ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ከርሟል።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የምሽቱ ነገር ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከግድግዳው ወዲያ የልጅ ድምፅ በፈረንሳይኛ ይንበለበላል። ይደናቀፋል፣ ይነሳል፣ በራሱ ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። እህቷም አንዲት ቃል ሳይገባት "ደግሞ በይው፣ ደግሞ በይው" እያለች ትንከተከታለች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያ ሰዓት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቀርቅራ ታጠናለች፤ እንዲያ ነው ያለቻት። አንዷ በአቧራ ውስጥ ስትለፋ አንዷ በእናቷ ጉያ ትንጫጫለች እያለች ፔዳሉን ትወቅጠዋለች። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ይጋሩ እንጂ በር አይጋሩም፤ የሷ ወደ መንገድ፣ የእህቷ ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። ቅናት ነው እንዳይባል እሷ ቅናት የሚባል ነገር አታውቅም። የምታውቀው ምሽት ምሽት የሚነሳባትን ጨጓራ ነው።

የራሷ ልጅ ቁርሷን ልትበላ መጣች። ሰፈሩ ጭምት ይላታል። እሷም ስሙን እንደ ዩኒፎርም ለብሳው ትኖራለች። ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ፣ እንዳይንጠባጠብ በሌላ እጇ ደግፋ፣ በጸጥታ ታኝካለች።

"ፈረንሳይኛው እንዴት ነው?" አለች እናት ከካፖርቱ ሳትነሳ።

"ደህና ነው።"

"የቃል ፈተናው ውጤት አልተነገረም?"

ጭምት ዳቦዋን አየች። "ይነገራል" አለች።

እናት አልገፋችም። በዚህ ቤት መግፋት የለም፤ ማውራትም እንደ ስኳር በልክ ነው። "ዝም አይነቅዝም" እየተባለ ነው ልጅቷ ያደገችው። "እርግጠኛ ካልሆንሽ አፍሽን አትክፈቺ፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፣ ከአፍ የወጣም አፋፍ ነው።" ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ፣ መስታወቱ ጋ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ሠላሳ ዘጠኟን ላለማየት ፊቷን አዙራ ወጣች። እናቷ ይህን ማዞር ትሕትና ነው ትለዋለች።

ካፖርቱ አለቀ። ባለቤቷ ከሰዓት ነው የምትወስደው። ልብስ ሰፊዋ ትምህርት ቤት ለመሄድ ስትነሳ የራሷን ጃኬት አየችው፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ለሰው ስትሰፋ ለራሷ የሚተርፍ ጊዜ የላትም። ካፖርቱን ደግሞ አየችው። ጥቁር፣ አንገቱ ቀና ያለ፣ ለብሶት የገባ ሰው ወንበር የሚቀርብለት ዓይነት ነው። "ሰፊ ልብሱን ሳይሞክር አያስረክብም" አለች ለራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፤ ለበሰችውና ወጣች።

እህቷ የምትሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። በሌላ መንገድ መዞር ይቻል ነበር፤ ግን አዲስ ካፖርት ለብሶ በጓሮ መንገድ የሚሄድ የለም። እህቷ ባንኮኒው ኋላ የማስመሪያ ካርቶን እየፈታች ነበር፤ እግሯ ስለሚያብጥ አንዱን ጫማ አውልቃለች። "እትዬ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?" አለች ፊቷ በርቶ። ያ ፊት ነው ችግሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ ሰላምታውን መጀመሪያ የሚሰጠው ለዚያ ፊት ነው።

"ጥቁር ዚፕ ጨርሼ፣ ልገዛ ነው።"

"ዚፕ በዚህ መንገድ?"

"እዚህ ይረክሳል ብለውኝ።"

"ምኑ ይረክሳል፣ እዚህ አካባቢ አየሩም ጨምሯል።" እህት ካፖርቱን ከአንገት እስከ ጫፍ አየችው። "ያምርብሻል። የማን ነው?"

"የኔ ነዋ።"

አንዷ ታውቃለች፤ አንዷ ማወቋን ታውቃለች። በመካከላቸው ባንኮኒው ላይ የሠላሳ ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ተጋድሟል። እህት አንስታ ወደ ካርቶኑ መለሰችው። "ከሰዓት ከተመለስሽ እኔን አታገኚኝም። ካለፈው ወር ወዲህ ወፌ ከትምህርት መልስ ትቀመጥልኛለች፤ እግሬ አላቆም ብሎኝ" አለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው አስወጣችው። ወፌ ፈረንሳይኛም ትችላለች፣ ሱቅም ትጠብቃለች፣ የቀረው መብረር ነው እያለች በሆዷ፣ መንገዱን ተሻገረች።

የፈረንሳይኛ ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ተማሪዎቹ ስፖርት ላይ ስለነበሩ መምህሩ ብቻውን ጥቁር ሰሌዳ ያጸዳል። ሙሴ ይሉታል ልጆቹ፣ በፈረንሳይኛ 'አቶ' እንደማለት፤ ቀጭን፣ ሹራቡ ላይ ጠመኔ የዘነበበት ወጣት ነው። ካፖርቱን ሲያይ እውነትም ወንበር አቀረበላት፤ የተማሪ ወንበር ስለሆነ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ። ግድግዳው ላይ ልጆቹ በቀለም የጻፉት ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ የክፍሉ ሕግ መሆኑን ነገራት። የጽሑፍ ፈተና አርባ፣ የቃል ፈተና ሃያ፣ የክፍል ተሳትፎ ሃያ፣ የቤት ሥራ ሃያ።

"የእርስዎ ልጅ ብዕር ስትይዝ እኔ ራሴ እፈራታለሁ" አለ ሙሴ። "ይሄኛው ግን የመናገር ፈተና ነው። መጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ክፍል ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፣ ዝምታ ያስቀንሳል።"

"ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ መምህር።"

"በፈረንሳይኛ ይነቅዛል።"

ልብስ ሰፊዋ የካፖርቱን አንገት አስተካከለች። ያመጣችውን ነገር በመንገድ ስታሽሞነሙነው መጥታለች፤ አሁን ስታወጣው ግን ራቁቱን ወጣ። "ያቺ አስራ ስምንት ያገኘችው ልጅ ስትሳሳት ነው የምትውለው። ፈረንሳይኛ ባላውቅም ስትደናቀፍ እሰማለሁ። ስህተቷ ተቆጥሮ ነው አስራ ስምንት የተሰጣት?"

ሙሴ ጠመኔውን አስቀመጠ። "ልጅቷን ከየት ያውቋታል?"

"አክስቷ ነኝ።"

ሙሴ ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣ። ፈተናውን የሚቀዳው ወላጅ ጥያቄ ሲኖረው እንዲሰማ ነው አለ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የተፈተኑት፤ ጥያቄው አንድ ነው፣ ስለ አንድ የቤተሰብሽ ሰው ንገሪኝ። መጀመሪያ የወፌ ድምፅ መጣ፤ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲስቅ። መሃል ላይ "ትክትክትክትክ" የሚል ነገር አሰማች፤ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ማሽን ከሩቅ አወቀችው።

"ምንድን ነው የምትለው?"

ሙሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስለ አክስቷ ነው። 'አክስቴ ማሽኗን ስትረግጥ ቤታችን ይንቀጠቀጣል፤ ስታቆም ደግሞ እኛ እንንቀጠቀጣለን' ነው የምትለው። ግሡን አበላሽታዋለች። ግን ገባኝ።"

ቀጥሎ የልጇ ተራ ነበር። "ማ ሜር" አለ አንድ ትንሽ ድምፅ፤ ከዚያ ምንም። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፤ ወንበር ይንቋቋል፤ ወፌ በሹክሹክታ አንድ ነገር ታቀብላታለች። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከመምህሩ እጅ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ከብዙ በኋላ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ከጉድጓድ እንደሚመጡ ሆነው፣ ተሰሙና ቀረጻው አለቀ።

"ማ ሜር ማለት 'እናቴ' ነው" አለ ሙሴ። "እናቴ ልብስ ትሰፋለች። ቤታችን ትንሽ ነው። ሁለቱም እንከን የላቸውም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጊዜው አለቀ።"

ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኛትና ሕጉን እስከ መጨረሻው ነገራት። ማንም ተማሪ የቃል ፈተናውን አንድ ጊዜ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ የመጠየቂያው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። ግን ተማሪው ራሱ ነው የሚጠይቀው፣ በክፍሉ ፊት፣ በፈረንሳይኛ። "እኔ ልጠይቅላት" አለች ልብስ ሰፊዋ። ሙሴ ራሱን ነቀነቀ። "እርስዎ ሲጠይቁላት ነው እኮ እዚህ የደረስነው" አለ፤ ወዲያው ደግሞ አንደበቱ ቀደመውና ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካፖርቱን አደነቀ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሱቁ ያለበትን መንገድ ትታ በጓሮ ዞረች። በልቧ የነበረው አስራ ስምንትና አስራ አንድ ሌላ ነገር ሆኗል። የሌላ ሰው ልጅ ስለሷ ይህን ያህል የሚናገረው አገኘ፤ ድምፅዋን አወቀ፣ እግሯን አወቀ፣ ፍርሃቱን ሳይቀር ቀልድ አደረገው። የራሷ ልጅ ግን "እናቴ" ብላ ጀምራ ተከታዩን ቃል አጣች። በጠዋት ስትቀና የነበረው በእህቷ ልጅ ውጤት ነበር፤ አሁን በምን እንደምትቀና ራሷም ስም አላገኘችለትም። አስፓልቱ ጠርዝ ላይ ቆማ "ልብስ ትሰፋለች" አለች በለሆሳስ። እውነት ነው፤ ትሰፋለች።

ከሰዓት የካፖርቱ ባለቤት መጣች። ለብሳው መስታወቱ ፊት ዞረችና ክንዷን አነሳች። "ይህ ነጭ ምንድን ነው?" አለች። የሙሴ ጠመኔ ነው። "የልክ ምልክት ነው፤ በብሩሽ ይለቃል" አለች ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳታሽ። ሴትዮዋ ኮሌታውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ የሚሸት ነገር ቢኖርም አልተናገረችም፤ ስለ ጨርቅ ዋጋና ስለ ልጆች ጫማ ቶሎ ቶሎ ማለቅ አውርታ፣ የቀረውን ከፍላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ "ወደ ግራ ዞር በይልኝ" ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳችው።

ጀምበር አዘቀዘቀች። አንድ ቡናማ ጉርድ ቀሚስ ማሽኑ ላይ ነበር። ፔዳሉን መርገጥ ስትጀምር፣ ያ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ተነሳ፤ ሮጠ፣ ተደናቀፈ፣ ሳቀ፣ ደገመ። እህቷም "ደግሞ በይው" አለች እንደ ልማዷ። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ግን አንድ ነገር ታውቃለች። "ማ ሜር" አለ ድምፁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ማ ሜር"። ይኸው፣ አለች፣ አክስቷን ጨርሳ ወደ እናቷ ዞረች። ምን አለባት፣ የምትናገርለት እናት አላት፤ እናቷም ቁጭ ብላ ትሰማታለች። ፔዳሉን ጣውላው እስኪርገበገብ ወቀጠችው።

"አክስቴ፣ እንደምን አመሸሽ?"

በሩ ላይ ወፌ ቆማለች፤ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ፣ በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር። "እማዬ 'እትዬ ጥቁር ዚፕ ስትፈልግ ነበር፣ ሳትገዛ ነው የተመለሰችው' ብላ ከጎን ካለው ሱቅ ገዝታ አስቀምጣልሽ ነበር። ይኸው።"

ልብስ ሰፊዋ ወፌን አየች። ግድግዳውን አየች። ግድግዳው በፈረንሳይኛ ማውራቱን ቀጥሏል። እግሯ ሊቆም ሲል ከወዲያ ያለው ድምፅም ዝቅ አለ፤ ደንግጣ መልሳ ረገጠች፣ ድምፁም መልሶ ተነሳ።

"አንቺ ከየት መጣሽ?"

"ከሱቅ ነዋ፣ አሁን ዘግቼ መምጣቴ ነው።"

"ታዲያ ያቺ..."

ወፌ ግድግዳውን አየችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ተዘጋ። ብዙ ግን አልቆየም። "እንዳትቆጪያት፣ አክስቴ።"

"ቤተ መጻሕፍት ናት አይደል የምትለኝ?"

"ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማውራት ክልክል ነው እኮ።" ወፌ ወደ ውስጥ ገብታ ድምፅዋን ከማሽኑ ሥር አሳለፈችው። "እማዬ ጋ ነው የምትለማመደው። እማዬ ምንም ስለማይገባት አታፍራትም። ዛሬ እኮ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ድጋሚ ፈትነኝ አለችው፣ በፈረንሳይኛ። ሙሴ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ነገ ጠዋት ነው።"

"ብትበልጥሽስ? ቦታው አንድ ነው።"

ወፌ አሰበች፤ ፊቷ ላይ የመጣው ነገር ልብስ ሰፊዋ ጠንቅቃ የምታውቀው ነው፣ በየቀኑ መስታወቱ ውስጥ ታየዋለች። "ጸጉሯን እነጭላታለሁ" አለች ወፌ። "ከዚያ የተማረችውን ታስተምረኛለች።" ጆሮዋንም ወደ ጣውላው አዘነበለች። "ስላንቺ ነው የምታወራው። ልተርጉምልሽ?"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ከግድግዳው ወዲያ የልጇ ድምፅ ነበር፤ ወር ሙሉ ስትረግመው የከረመችው፣ እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምታው ስለማታውቅ የሰው ያለችው። አንድ ቦታ ተደናቀፈ፤ ልጅቷ በራሷ ስህተት ሳቀች፤ እህቷም አብራት ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ያን ሳቅ የምትሰማበትን የእህቷን ወንበር፣ ከጣውላው ወዲያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የማታውቀውን፣ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው።

"ተይው" አለች። "ሂጂ ግቢ። መስማቴንም እንዳትናገሪ።"

ወፌ ስትወጣ ክሩ ተበጠሰ። ለመቀጠል ማሽኑን ማቆም፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከቆመ ደግሞ ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል። ልብስ ሰፊዋ አላቆመችም። እግሯን ብቻ አለሳለሰች፣ ድምፁን እንዳትሸፍነው፣ እንዳታስደነግጠውም። "ማ ሜር" አለ ግድግዳው፤ ከዚያም እሷ የማታውቃቸው ብዙ ቃላት፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ መጡ። ክር የሌለው መርፌ በሰው ጉርድ ቀሚስ ላይ ምንም የማይዝ የቀዳዳ መስመር እየወጋ ወደ ጫፉ ሄደ፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ጨርቁን አዙራ እንደገና ጀመረች።